ለደብረ ብርሃኗ ሯጭ ወንድም፦ ከገጹ በፊት ሰዓቱን አስተካክሉ

ወንድሜ፣ «እህቴ ደብረ ብርሃን በክለብ ትሮጣለች፤ ውጭ አገር ሁለተኛ ከወጣች ወዲህ ጋዜጠኛውም ስፖንሰሩም ይፈልጋታል፤ ገጽ ልንከፍትላት ነው፣ ስሟን እንዴት እንጠብቅላት?» ብለህ ለጠየቅከው ነው። እንኳን ደስ አላችሁ። የአትሌቶችን ውልና መረጃ መያዝ እንጀራዬ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

1. ገጹ በራሷ ስልክ ቁጥርና በራሷ ኢሜይል ይከፈት፤ የይለፍ ቃሉ እሷ ዘንድ ይሁን፤ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብሩት። «እኔ እሠራላችኋለሁ» ያለ ሰው በራሱ ኢሜይል ከከፈተው፣ የተጣላችሁ ቀን ተከታዮቿን ይዞ ይሄዳል።

2. ስሟ የትም ቦታ ፓስፖርቷ ላይ እንዳለው ይጻፍ። የእንግሊዝኛ ፊደሉ እዚህና እዚያ ከተለያየ ውጤቷ የሁለት ሰው ይመስላል። የልደት ቀኗም እንዲሁ ነው፦ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ከተወለደች በእኛ ዓመት ላይ 7፣ ከዚያ ወዲህ ከሆነ 8 ይደመራል። ሁሉም ሰነድ ላይ አንድ ካልሆነ «ዕድሜ ቀንሳለች» የሚል ወሬ ይነሳል፤ እንዲህ ያለው ወሬ ደግሞ ቶሎ አይጠፋም።

3. ጫማ። እ.ኤ.አ. በ2021 ቪየና ማራቶን ላይ ደራራ ሁሪሳ አንደኛ ገብቶ ድሉ ተሰረዘበት። የጫማው ሶል ውፍረት 5 ሳንቲ ሜትር ነበር፤ ለጎዳና ውድድር የሚፈቀደው ግን 4 ነው። ቀድሞ ያስመዘገበው ሌላ ጫማ ነበር። ሰው ያንን ቀን ሲያነሳ ስለ ሩጫው ሳይሆን ስለ ጫማው ነው የሚያወራው። ስለዚህ የምታስመዘግበውና የምታጠልቀው ጫማ አንድ ይሁን፤ በዓለም አትሌቲክስ ዝርዝር ውስጥ መፈቀዱንም አረጋግጡ። ስፖንሰር ካገኘች በኋላ ደግሞ ፎቶ ከመለጠፋችሁ በፊት እግሯን እዩ፤ ልምምድ ላይም ቢሆን የሌላ ድርጅት ጫማ ውል ያስጥሳል።

ተራ ቁጥሩን እዚህ ላይ ልተወውና ዋናውን ልንገርህ። የአትሌት ስም በአብዛኛው የሚበላሸው በተናገረችው ሳይሆን ባልሞላችው ፎርም ነው። እህትህ እንዲህ ከቀጠለች አንድ ቀን «የምርመራ ቋት ውስጥ ገብተሻል» የሚል ደብዳቤ ይደርሳታል፤ ይኸውም አበረታች መድኃኒት አለመውሰዳቸው ድንገት የሚመረመርባቸው ሯጮች ዝርዝር ነው። ከዚያ ወዲያ ዌርአባውት፣ ማለትም የት እንደምታድርና የት እንደምትለማመድ፣ በየሩብ ዓመቱ አዳምስ በተባለው የኢንተርኔት መመዝገቢያ ሥርዓት ላይ አስቀድማ ትሞላለች። ለእያንዳንዱ ቀንም መርማሪ ቢመጣ ሳትጠፋ የምትገኝበትን 60 ደቂቃ ትመርጣለች። በ12 ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ከታጣች ወይም ሳትሞላ ከቀረች፣ አንዲት እንክብል ባትውጥም እንኳ እስከ 2 ዓመት ትታገዳለች፤ ስሟም ለዓለም ሁሉ ይወጣል።

የእኛ ልጆች የሚሳሳቱት ሰዓቱ ላይ ነው። ሥርዓቱ የሚቀበለው በፈረንጅ ሰዓት ከ5፡00 እስከ 23፡00 ያለውን ነው፤ በእኛ ከሌሊቱ 11 እስከ ማታ 5 ሰዓት መሆኑ ነው። «ሌሊት 11 ሰዓት ቤት ነኝ» ብላ 11፡00 ብትጽፍ መርማሪው የሚመጣው ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ነው፤ እሷ ያኔ ከልምምድ አልተመለሰችም ወይም ገበያ ናት። መጻፍ ያለባት 5፡00 ነው። ለሯጭ የሚሻለውም ይኸው ከ5፡00 እስከ 6፡00 ያለው ነው፤ አልጋዋ ላይ ስለሆነች አትታጣም።

አድራሻውን «ደብረ ብርሃን ቀበሌ እንትን» ብላችሁ አትተዉት። ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ የበሩ ቀለም፣ ስንተኛው በር፣ ሁሉም ይጻፍ። በር ሲንኳኳ የሚሰማ ሰው ይኑር፤ ውሻው ይታሰር። መርማሪዎቹ ስልክ የመደወል ግዴታ የለባቸውም። ለበዓል ወደ መንዝ ዘመድ ጋ ስትሄድ ወይም ለልምምድ ሱሉልታ ስታድር፣ ኔትወርክ ሳይጠፋ ከመነሳቷ በፊት ትቀይረው። ማናጀሩ ቢሞላላትም ተጠያቂዋ እሷው ናት፤ «እሱ ረስቶ ነው» ማለት አያድንም።

ሌላው የሚያንገበግበኝ ግሉኮስ ነው። ደከመኝ ላለ ሁሉ የሚሰቅል ክሊኒክ ሞልቷል፤ ሯጭ መሆኗን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በ12 ሰዓት ውስጥ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በደም ሥር መውሰድ፣ ፈሳሹ ምንም ይሁን ምን፣ ሆስፒታል ተኝቶ ለመታከም፣ ለቀዶ ሕክምና ወይም ለምርመራ ካልሆነ ክልክል ነው። የሚሰቀለው ደግሞ ባለ 500 ወይም ባለ 1000 ነው። ትራማዶል የተባለው የሕመም ማስታገሻ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ፣ እንደ ዴክሳሜታዞን ያሉ የስቴሮይድ መርፌዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በውድድር ጊዜ ታግደዋል። ሕክምናው የግድ ከሆነ የተከለከለውን ለሕክምና ለመጠቀም የሚያስችል ፈቃድ ይጠየቅ፤ ካርዱ፣ ማዘዣውና ደረሰኙ በፎቶ ይቀመጥ።

ቃለ መጠይቅ ላይ በአፍ መፍቻዋ ትናገር፤ አስተርጓሚ መጠየቅ አያሳፍርም። የአበበ ቢቂላ አገር ልጅ ናት፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ያላለችው ነገር ርዕስ ከሚሆንባት ዘርዝራ ብትናገር ይሻላል። አሯሯጮቿንና አሠልጣኟን በስም ታመስግን።

ከመርማሪዎቹ ክፉ ደብዳቤ ከመጣ ቲክቶክ ላይ ወጥታችሁ አታልቅሱ፣ ማንንም አትወንጅሉ። ያኔ የተባለው ቃል በኋላ በራሷ ላይ ማስረጃ ይሆናል። ደብዳቤው ላይ የተጻፈውን የመልስ ቀን ክበቡት፤ በሽታ ወይም ጉዞ ከነበረ ወረቀቱን አያይዛችሁ በዚያ ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልሱ፤ ናሙናዋ ውስጥ የተከለከለ ነገር ተገኝቶ ከሆነ «ቢ» ናሙናው፣ ማለትም በሁለተኛው ጠርሙስ የተቀመጠው፣ እንዲከፈት የመጠየቅ መብት አላት። እስኪለይ ድረስ ለጋዜጠኛ የሚናገር አንድ ሰው ብቻ ይኑር፤ እሱም አንተ ባትሆን እመርጣለሁ፣ ወንድም ሲናደድ ብዙ ያወራል።