ስሜትን መግራት የሚያስተምር ሕክምና ከእምነታችን ጋር ይጋጫል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው። ታናሽ እህቴ 24 ዓመቷ ነው። ጠዋት ነፍሴ ያለቻትን ጓደኛዋን ማታ ዓይኗን ማየት አትፈልግም። እጮኛዋ ስልክ ቶሎ ካላነሳላት «ጣለኝ» ብላ ቤቱን ታምሳለች። ሲብስባት ራሷን ትጎዳለች። ጻድቃኔ ማርያም ወስደናት ሁለት ሳምንት ተጠመቀች። ረጋ ብላ ተመለሰች፣ ወር ሳይሞላ ግን ያው ሆነ። አዲስ አበባ ያየቻት ሐኪም ቦርደርላይን የሚባል የስብዕና ሕመም ነው ብላ፣ ክህሎት የሚያስተምር ሕክምና እንድትጀምር ነገረቻት። አንድ ዘመዳችን «የቡድሂስቶች ነገር ነው፣ ሃይማኖቷን ያስጥላታል» አለ። እናቴ ደግሞ «ሕመም አይደለም፣ ጥጋብ ነው» ትላለች። ጸበሉን ትተን ሕክምናው ይሻላል? ወይስ ኃጢአት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ከዘመድሽ ልጀምር፤ ነገሩን ከሜዳ አላመጣውም። ይህን ሕክምና የቀመረችው ማርሻ ሊነሃን የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ምሁር ናት። ስሙ ዲያሌክቲካል ቢሄቪየር ቴራፒ ይባላል፣ ባጭሩ ዲቢቲ። ሴትዮዋ ካቶሊክ ሆና ያደገች ናት፤ የዜን ቡድሂስቶችንም የአርምሞ ልምምድ ተምራለች፣ ከዚያም የወሰደችው አለ። ምን ወሰደች ካልሽኝ፣ ልብን ሰብስቦ አሁን የሆነውን ማስተዋልን ነው። እህትሽ እዚያ ለማንም አትሰግድም። «ልቤ እየመታ ነው፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው፣ ተቆጥቻለሁ» ብላ ለይታ ማወቅን ትማራለች፣ በቃ።

ልብ መሰብሰብ ለእኛ እንግዳ ነው እንዴ? ቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ «እለ ትነብሩ ተንሥኡ» ይላል፣ የተቀመጣችሁ ተነሡ ሲል። ቀጥሎ «ውስተ ጽባሕ ነጽሩ»፣ ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ። ቀጥሎ «ንነጽር»፣ እናስተውል። ሰው ቆሞም ሐሳቡ ገበያ እንደሚወርድ አባቶቻችን ያውቁ ነበር። እኔን ራሴን ስንቴ ከጤፍ ዋጋ እንደመለሰኝ!

እናትሽ «ጥጋብ ነው» ያሉት ግን ያሳስበኛል። የዚህ ሕመም ባለቤት ስሜቱ ቶሎ ይቀጣጠላል፣ ቶሎም አይበርድም። መጣል፣ መተው የሚባል ነገር ያስፈራዋል። እንዲህ ያለውን ሰው ጥጋበኛ ይሉታል እንጂ ውስጡ ባዶ የሆነበት ነው። ያቺ ሊነሃን ራሷ በ17 ዓመቷ፣ እ.ኤ.አ. በ1961፣ የአእምሮ ሆስፒታል ገብታ ከሁለት ዓመት በላይ ቆይታለች፤ ራሷን ትጎዳ ነበር። ይህን በአደባባይ የተናገረችው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፣ የታወቀች ፕሮፌሰር ሆና ካረጀች በኋላ። እስከዚያ ድረስ ለሌሎች መውጫውን ስትሠራ ቆየች።

ትምህርቱ አራት ክፍል አለው፤ ማስተዋል፣ ጭንቅን ሳያባብሱ ማለፍ፣ ስሜትን መግራት፣ ከሰው ጋር ሳይጣሉ የፈለጉትን መጠየቅ። በሳምንት አንዴ በቡድን ይማራሉ፣ አንዴ ደግሞ ከባለሙያዋ ጋር ለብቻ ይገናኛሉ። ጭንቅ ሲመጣ ደውሎ «አሁን የትኛውን ልጠቀም?» ማለትም ይቻላል። ብዙ ጊዜ አንድ ዓመት ይፈጃል። በዛ የሚል ካለ የአብነት ትምህርት ቤት ይዋል። አንዲት ዜማ ጉሮሮ ውስጥ እስክትገባ ስንት ሌሊት ይቀጸላል? ሕክምናው ራስን መጉዳትን እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ በተደጋጋሚ ጥናት ታይቷል። ለዚህ ሕመም ብቻ ተብሎ የተሠራ ኪኒን ስለሌለ፣ ዋናው ሕክምና ይኸው ልምምድ ነው።

አንዱን ላሳይሽ። እጮኛዋ ስልክ አላነሳም፤ አሥር ጊዜ ደውላለች፣ ደሟ ፈልቷል። በዚያ ሰዓት ምክር አይገባም። ሳፋ ውስጥ ቀዝቃዛ ውኃ ትሞላለች። ትንፋሿን ይዛ ፊቷን እስከ ጉንጯ ትነክራለች፣ ሠላሳ ሰከንድ ያህል። ሰውነታችን ውኃ ውስጥ የጠለቀ ይመስለውና የልብ ምቱን ያዘገያል። ሌላ ቦታ በረዶ ይጨምሩበታል አሉ፤ የደብረ ብርሃን የኅዳር ቧንቧ እያለ በረዶ ምን ያደርጋል? የልብ ሕመም ካለባት ግን አስቀድማ ሐኪሟን ትጠይቅ። ይህ ጸበል አይደለም፣ ጸበልንም አይተካም። ውኃው የሚገዛላት ጥቂት ደቂቃ ነው፣ አሥራ አንደኛውን ጥሪ ላለመደወል።

ሌላው ስሜት የሚገፋሽን ተቃራኒ ማድረግ ነው። ፍርሃት «ተደበቂ» ሲል መውጣት፣ ቁጣ «ጩኺ» ሲል ድምፅን ዝቅ ማድረግ። ይህን ሳነብ ስግደት ትዝ አለኝ። ልባችን ሳይሰበር ጉልበታችን ቀድሞ ይወድቃል፤ ልብ ቆይቶ ይከተላል።

ጥፋቴንም ልናገር። ከዓመታት በፊት አንዲት ልጅ ከሰርክ ጉባኤ በኋላ ደጅ ላይ ጠበቀችኝ። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታለቅሳለች። «መዝሙረ ዳዊት ድገሚ» ብዬ ሸኘኋት። በልታ እንደሆነ፣ ተኝታ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ደግማ አልመጣችም። ኤልያስ ክትክታ ዛፍ ሥር «ነፍሴን ውሰድ» ባለ ጊዜ መልአኩ አልገሠጸውም፤ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፣ «ተነሥተህ ብላ» አለው። በላ፣ ተኛ፣ እንደገና በላ። መንገዱ የቀጠለው ከዚያ በኋላ ነው። በሕክምናውም ስሜትን መግራት ሲማሩ እንቅልፍንና ምግብን ማስተካከልም አብረው ይማራሉ።

ጸበሉን አታቁሙ፣ ሕክምናውንም አትተዉ። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪሙንም መድኃኒቱንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ይላል። አቡነ ጳውሎስ በዘመናቸው ጸበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት አብረው እንደሚወሰዱ በይፋ አስተምረዋል፤ ለአእምሮ ሕመምም የተለየ ሕግ የለም። ሐኪሟ ያዘዘችላት ኪኒን ካለ ጻድቃኔም ይዛው ትሂድ። የጾሙን ነገር ለንስሐ አባቷ ትንገር፣ እሳቸው ያቀልሉላታል።

እናንተ ቤት ውስጥ አንድ ነገር ተለማመዱ። ስትናደድ «ምን ሆንሽ ደግሞ!» በሚለው ፈንታ «ከፋሽ አይደል? ገባኝ» በሏት። ያደረገችውን አጸደቃችሁ ማለት አይደለም። ጌታ በምንዝር ለተያዘችው ሴት «አልፈርድብሽም» እና «ደግመሽ አትሥሪ» ያላት በአንድ ንግግር ነው። የእህትሽን ሕመም ኃጢአት እያልኩ አይደለም፤ መቀበልና መለወጥ አብረው እንደሚሄዱ ለማሳየት ነው። የዲቢቲ ስምም የመጣው ከዚሁ ነው፣ የሚቃረኑ የሚመስሉ ሁለት ነገሮችን አብሮ ከመያዝ።

«ልሙት» ካለች ግን ስብከት አያስፈልግም። ብቻዋን አትተዉአት። የአይጥና የተባይ መርዝ፣ የተከማቸ ኪኒን ከቤት ይውጣ። ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ውሰዷት።

እናትሽን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይዘሽልኝ ነይ። ስለ ጥጋቡ እኔ አነጋግራቸዋለሁ።