እናትሽን ይዘሽ ስትመጪ ከኪዳነ ምሕረት ጀምሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። ከእናትሽ ጋር ለሁለት ቀን ኢየሩሳሌም ትመጫለሽ። በቅጥሩ ውስጥ ያለው አሮጌው ከተማ በአንድ ጠዋት ታይቶ ያልቃል ወይ፣ አስጎብኚስ እንያዝ ወይ ብለሻል። እናትሽን ጉልበታቸውን እንደሚያማቸውም ጽፈሻል።

እኔ ቴል አቪቭ ከገባሁ 12 ዓመቴ ነው። በአንድ ጠዋት ማለቁንስ ያልቃል። ቦታው በሙሉ 1 ካሬ ኪሎ ሜትር አይሞላም። እኔም መጀመሪያ ያየሁት እንደዚያ ነው። አስጎብኚያችን በሩጫ አዞረን፤ ግማሹን ሰዓት ደግሞ አንድ የመስቀልና የሻማ ሱቅ ውስጥ አስቆመን። የእኛ መነኮሳት የሚኖሩበት ገዳም፣ ዴር ሡልጣን፣ የት ነው ብዬ ስጠይቀው «ጣራ ላይ ነው፣ የሚታይ ነገር የለውም» አለኝ። አምኜው ተመለስኩ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን ያለ አስጎብኚ፣ ከቅጥሩ ውጭ ጀምሩ። በምዕራብ ኢየሩሳሌም የኢትዮጵያ ጎዳና የሚባል፣ በድንጋይ አጥር የታጠረ ጠባብ መንገድ አለ። ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት እዚያ ናት። አፄ ዮሐንስ 4ኛ አስጀምረዋት በአፄ ምኒልክ ዘመን የተፈጸመች ክብ ቤተ ክርስቲያን ናት። ጫማችሁን አውልቃችሁ ግቡ። እናትሽ ሳይጣደፉ ይሳለሙ፣ ትንሽም ይረፉ።

ስትወጡ የነቢያት ጎዳናን ይዛችሁ ቁልቁል ውረዱ። በእርጋታ ብትሄዱ 20 ደቂቃ ቢሆን ነው። ታች ስትደርሱ የባቡር ሐዲድ ያለበት ሰፊ መንገድ ታገኛላችሁ። እዚያ ጋ ቆም በሉ። ከ1948 እስከ 1967 እ.ኤ.አ. (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ከተማዋ ለሁለት የተከፈለችው በዚህ አካባቢ ነው። እሾሃማ ሽቦ፣ ፈንጂ፣ የማንም ያልሆነ መሬት ነበር። ከኋላችሁ እስራኤል፣ ከፊታችሁ ከነቅጥሩ ዮርዳኖስ። መሻገሪያው ከዚህ በስተሰሜን የነበረው የማንደልባውም በር ነው። እሱም ለዲፕሎማት፣ ለተባበሩት መንግሥታት ሰዎች፣ ለካህናትና በገና ሰሞን ለተሳላሚዎች እንጂ ለማንም አይከፈትም ነበር። እኛን የሚነካው ደግሞ ይሄ ነው፤ ኪዳነ ምሕረት በዚህኛው ወገን፣ ዴር ሡልጣን በዚያኛው ወገን ቀሩ። በእግር ግማሽ ሰዓት የማይሞላ መንገድ የሚለያቸው ሁለት ቤቶቻችን 19 ዓመት በሁለት መንግሥት ሥር ነበሩ። እኔ የዚህ ከተማ መከፈል ምን ማለት እንደነበር የገባኝ ያንን አስፋልት ስሻገር ነው።

ከፊታችሁ የሚታየው የደማስቆ በር ነው። አሁን የምታዩትን ቅጥር ያስገነባው የቱርኩ ሡልጣን ሱሌይማን ነው፤ በ1541 ገደማ ተጠናቀቀ። ዙሪያው 4 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ወደ በሩ የሚያስወርደው ደረጃ ለታመመ ጉልበት ይከብዳል። እናትሽ ካልቻሉ ከኪዳነ ምሕረት ታክሲ ይዛችሁ በአዲሱ በር ግቡ፤ እዚያ ደረጃው ያነሰ ነው። ከቻሉ ግን የደማስቆን በር አትለፉት። የገጠር ሴቶች መሬት ላይ ናናና የወይን ቅጠል ዘርግተው ይሸጣሉ። ከበሩ ገብታችሁ የኻን አዝ-ዘይትን ገበያ ይዛችሁ ስትሄዱ በቀኝ በኩል ወደ ላይ የሚወጣ የድንጋይ ደረጃ አለ። ወደ ፍኖተ መስቀል 9ኛው ምዕራፍ ያደርሳችኋል። ዴር ሡልጣን ከዚያ ጎን ነው።

እውነት ነው፣ የጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ ነው። መሐሉ ላይ ጉልላት አለ፤ የንግሥት እሌኒ ጸሎት ቤት ከእግራችሁ በታች ነው፣ ብርሃን የሚገባለትም በዚያ ጉልላት ነው። ዙሪያውን የመነኮሳቱ ጎጆዎች አሉ። እናቴን ይዤ ስሄድ አንዲት እማሆይ ከጎጇቸው ጎንበስ ብለው ወጡና «ከየት መጣችሁ?» አሉን። እናቴ «ከጎጃም» ስትል እጇን ይዘው ጥላ ያለበት ግድግዳ ሥር አስቀመጧት። ውሃ በጣሳ አመጡላት። ሁለቱ ሳይተዋወቁ ስለ ዝናብና ስለ እህል ብዙ አወሩ። ያ አስጎብኚ የሚታይ ነገር የለውም ያለው ይህንን ነው።

ቦታው የማን ነው የሚለው የእኛና የግብፅ ኮፕት መነኮሳት ክርክር አላለቀም። በ1970 የትንሣኤ ሌሊት ግብፆቹ ለጸሎት በሄዱበት የበሩ ቁልፍ ተቀየረ። በ1971 የእስራኤል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቁልፉ ለግብፆቹ ይመለስ ቢልም፣ ጉዳዩን መንግሥት ይጨርሰው ተብሎ እስከ ዛሬ ተንጠልጥሏል። እዚያ ሆናችሁ ከማንም ጋር ክርክር አትግጠሙ። ከጣራው በአርባዕቱ እንስሳ ጸሎት ቤት ገብታችሁ ንግሥተ ሳባ ሰሎሞንን ስትጎበኝ የሚያሳየውን ትልቅ ሥዕል እዩ። ከሰሎሞን ሰዎች መካከል እንደ ዛሬዎቹ ሐሲዶች (አጥባቂ አይሁድ) የለበሱ አይሁድ ተሥለዋል። ከዚያ በጠባቡ ደረጃ ቀስ ብላችሁ በቅዱስ ሚካኤል ጸሎት ቤት በኩል ስትወርዱ በቀጥታ ጎልጎታ አደባባይ ትወጣላችሁ።

ጎልጎታን ግን በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ተመልሳችሁ ተሳለሙ። ረፋዱ ላይ ወረፋው አያስቆምም። የታላቁን በር ቁልፍ የሚይዙት ለብዙ መቶ ዓመታት ሙስሊም ቤተሰቦች ናቸው፤ በሩ ሲከፈት ማየት በራሱ ደስ ይላል።

በሁለተኛው ቀን አስጎብኚ ያዙ፤ ፈቃድ ያለው ይሁን፣ ሱቅ እንደማትገቡም አስቀድማችሁ ተስማሙ። ኮተል፣ አይሁድ የሚጸልዩበት የምዕራቡ ግንብ፣ ውሰደን በሉት። በተከፈለችበት ዘመን አይሁድ እዚያ መድረስ አይችሉም ነበር። ፊት ለፊቱ ያለው ሰፊ አደባባይ ደግሞ እስከ ሰኔ 1967 የሞሮኮዎች ሰፈር ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ ፈረሰ። ሁለቱንም ካልነገራችሁ ጠይቁት። የጽዮን በርንም እዩ፤ የ1948 ጥይት የበሳሳው ድንጋይ እንዳለ ነው። የአል-አቅሳ ግቢ ሙስሊም ላልሆነ ጎብኚ ዓርብና ቅዳሜ ዝግ ነው። ዓርብ ከሰዓት ጀምሮ ባቡሩም ይቆማል፤ ስለዚህ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ባሉት ቀናት ብትመጡ ይሻላል። ፖሊስ አንድ መንገድ ከዘጋ አትከራከሩ፣ ዞራችሁ ኑ።

ለእናትሽ ነጠላቸውንና የማያንሸራትት ጫማ ያዢላቸው። የመንገዱ ድንጋይ ከመረገጥ ብዛት ለስልሷል፤ እናቴን ሁለት ጊዜ ክንዷን ይዤ ነው ያተረፍኳት።