የደብሩ ዛፎች ተቆርጠው ሱቅ ቢሠራበትስ?

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ የባሕር ዳር ነዋሪ ነኝ። በደብራችን ቅጥር ያለው ጽድና ወይራ ተቆርጦ በቦታው የሚከራይ ሱቅ ይሠራ የሚል ሐሳብ ተነሥቷል። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ «ሃይማኖት የግል ጉዳይ ነው፤ በዘመናዊው ኅብረተሰብ ላይ የሚያመጣው ነገር የለም» ይለኛል። ምን ልመልስ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ባልደረባዎን ይዘው በጀልባ በጣና ሐይቅ ወዳለው የዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ይሻገሩ። በዚያ ከጻድቁ ከአቡነ በትረ ማርያም ዘመን ጀምሮ በሬ ጠምዶ ማረስ ክልክል እንደሆነ በትውፊት ስለሚነገር፣ ሕዝቡ በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ሲተዳደር ኖሯል፤ ቡናውም ጥላ የሚወድ በመሆኑ ታላላቆቹ ዛፎች ሳይነኩ ቀሩ። ከወደቡ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም የሚያወጣው መንገድ በቀትር እንኳ ጥላ ነው። በደቡብ ጎንደርም በእርሻው መካከል እንደ ደሴት ተነጥሎ የሚታየው አገር በቀል ደን፣ ብዙውን ጊዜ በውስጡ ቤተ ክርስቲያን አለው። እነዚህን ደኖች ያጠኑት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከብት የሚገባበት ደን ችግኙ እየተረገጠና እየተበላ ራሱን እንደማይተካ ስላሳዩ፣ በአንዳንድ አጥቢያዎች ካህናቱና ገበሬው ከማሳ የለቀሙትን ድንጋይ ክበው ደኑን አጥረዋል። እምነትና ሳይንስ በአንድ ካብ ላይ ሲሠሩ ማየት ለባልደረባዎ በቂ መልስ ይመስለኛል።

ደኑን የጠበቀው የግዝት ፍርሃት ብቻ ነው የሚሉ አሉ። ፍርሃቱ ድርሻ እንዳለው አልክድም፤ ይሁን እንጂ ምእመኑ ዛፉን የሚያየው የቤተ ክርስቲያኑ አካል፣ የአባቶቹ መቃብር ጥላና የቆሎ ተማሪው ቀለም የሚቆጥርበት ስፍራ አድርጎ ነው። መጽሐፍም አዳም በገነት የተቀመጠው «ያበጃትም ይጠብቃትም ዘንድ» ነው ይላል (ዘፍ. 2፥15)።

የእኛም ጉድለት አይሸሸግም። በቅዳሴ ስለ ዝናምና ስለ ወንዞች እየማለድን፣ ከቅጥሩ ስንወጣ ግን ተዳፋቱን እያራቆትን አፈሩንና ማዳበሪያውን ጎርፍ ወደ ጣና እንዲያወርደው እንተዋለን፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ ላይ የታየው እምቦጭ የተባለው የውኃ አረም የሚፋፋውም በዚሁ ነው። ሕዝቡ አረሙን በእጁ ሊነቅል ወጥቶ ውኃ ውስጥ መግባቱ ያስመሰግነዋል፤ የሚያበቅለውን ምክንያት ማስቀረት ግን ገና ይቀረናል። እምነታችን በቅጥር ብቻ ከታጠረ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የባልደረባዎ ነቀፌታ በከፊል ይደርሰናል።

ስለ ሱቁ፦ ዛፎቹ አይቆረጡ። ደብሩ ገቢ እንደሚያስፈልገው የታወቀ ስለሆነ፣ በአስፋልቱ በኩል ዛፍ የሌለበት ባዶ ቦታ ካለ ግንባታው እዚያ እንዲሆን ሐሳብዎን ለሰበካ ጉባኤው በጽሑፍ ያቅርቡ። በተራቆተው ክፍል ችግኝ የሚተከል ከሆነም ባሕር ዛፍ ሳይሆን ጽድ፣ ወይራና ዋንዛ ይሁን። ደርቆ የወደቀውን እንጨት ግን በሰበካ ጉባኤው ፈቃድ ለቤተ ክርስቲያኑ ጥገና ማዋል ነውር የለበትም።