ሰብስክሪፕሽን በራሱ ሲታደስ፦ ጥያቄና መልስ

ሰብስክሪፕሽን ማለት በየወሩ ወይም በየዓመቱ ክፍያ የሚቆረጥበት የአገልግሎት ውል ነው። ጥያቄዎቹ አሜሪካ ካሉ ወገኖች የቀረቡ ናቸው፤ መልሱም በዚያው አገር ሕግ ነው።

ጥያቄ፦ አፑን ከስልኬ ካጠፋሁት ቆየሁ፤ ገንዘቡ ግን አሁንም ይቆረጣል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ አፑ ስለጠፋ ውሉ አይቋረጥም። አይፎን ከሆነ ሴቲንግስ ገብተሽ ከላይ ስምሽን ተጫኚ፣ ከዚያ ሰብስክሪፕሽንስ። አንድሮይድ ከሆነ ፕሌይ ስቶር ላይ የፕሮፋይል ምስልሽን፣ ቀጥሎ ፔይመንትስ ኤንድ ሰብስክሪፕሽንስ። እዚያ ከሌለ ወይ በሌላ ኢሜይል ነው የተመዘገብሽው፣ ወይ በቀጥታ በድርጅቱ ድረ ገጽ፤ የሚሰረዘውም እዚያው ነው። አፕል ላይ ከመታደሻው ቢያንስ 24 ሰዓት ቀድመሽ ሰርዢ። የሚያበቃበትን ቀን የሚያሳየውን ገጽ ስክሪንሾት አንሥተሽ አስቀምጪ።

ጥያቄ፦ ካርዴን ባስቀይረውስ?

መልስ፦ አትመካበት። ቪዛና ማስተርካርድ አዲሱን ቁጥር ለነጋዴው የሚያደርሱበት አሠራር አላቸው። ክፍያው ቢቆም እንኳ ውሉ ስላልተሰረዘ ዕዳ ሆኖ ለዕዳ ሰብሳቢ ሊተላለፍ ይችላል።

ጥያቄ፦ ጂሙ የሚወስደው ከባንክ ሒሳቤ ነው። በባንኩ በኩል ላስቁመው?

መልስ፦ በመጀመሪያ ውሉ በሚለው መንገድ ለጂሙ በጽሑፍ አሳውቅ፤ ቅጂውን ያዝ። ከዚያ ከሚቀጥለው ክፍያ ቢያንስ 3 የሥራ ቀናት በፊት ለባንኩ የስቶፕ ፔይመንት (ክፍያው እንዲቆም የሚያደርግ) ትእዛዝ ስጥ። ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው፦ በስልክ ካዘዝክ ባንኩ በ14 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንድታረጋግጥ ሊጠይቅህ ይችላል፤ ካላረጋገጥክ ትእዛዙ ይወድቃል፣ ገንዘቡም እንደገና መቆረጥ ሊጀምር ይችላል። ክሬዲት ካርድ ከሆነ ደግሞ ያልተገባው ሒሳብ መጀመሪያ የታየበት ስቴትመንት (የሒሳብ መግለጫ) ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ተቃወም። ደብዳቤው የሚላከው ክፍያ ወደምትልክበት ሳይሆን ለሒሳብ ጥያቄ ወደተሰጠው አድራሻ ነው።

ጥያቄ፦ ሳይነግሩኝ የዓመቱን በአንዴ ቆረጡ። ማሳወቅ ግዴታቸው አይደለም?

መልስ፦ እንደ ስቴቱ ይለያያል። የ2010ሩ የፌዴራል ሕግ ካርድህን ከመቀበላቸው በፊት ዋና ዋናውን ነገር በግልጽ እንዲያሳዩህ፣ ፈቃድህን እንዲያገኙና ቀላል መሰረዣ እንዲያዘጋጁ ያስገድዳል፤ ከመታደሱ በፊት አስታውሱ ግን አይልም። ካሊፎርኒያ ትላለች፦ የመጀመሪያ ጊዜው አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ውል ከመታደሱ ከ15 እስከ 45 ቀን በፊት፣ ከ31 ቀን ለሚበልጥ ነጻ ሙከራ ከማብቃቱ ከ3 እስከ 21 ቀን በፊት። ከጁላይ 2025 ወዲህ የዋጋ ለውጥም ከ7 እስከ 30 ቀን ቀድሞ ይነገራል። አቤት ከማለትህ በፊት ግን የኢሜይልህን ፕሮሞሽንስና ስፓም ፈትሽ፤ ማስታወሻው ብዙ ጊዜ እዚያ ተቀብሮ ይገኛል። መላካቸው ከተረጋገጠ አላነበብኩም ማለት አያዋጣህም።

ጥያቄ፦ በአንድ ክሊክ መሰረዝ የሚባል ሕግ ወጥቶ አልነበር?

መልስ፦ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን (ኤፍቲሲ) በኦክቶበር 2024 አውጥቶት ነበር፤ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በጁላይ 2025 ሻረው። የ2010ሩ ሕግ ግን አልተነካም። አማዞን ፕራይም በተባለው የክፍያ አባልነቱ ጉዳይ በሴፕቴምበር 2025 2.5 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል የተስማማው በዚሁ ሕግ ጭምር ተከሶ ነው፤ ከዚያ ውስጥ 1.5 ቢሊዮኑ ለደንበኞች ተመላሽ ነው።

ጥያቄ፦ ነጻ ሙከራውን በጀመርኩበት ቀን ብሰርዘውስ?

መልስ፦ ብዙዎቹ እስከ ማብቂያው ቀን እንድትጠቀምበት ይተዉልሃል። አንዳንዶቹ ግን እንደሰረዝክ ይዘጉታል፤ የአፕል የራሱ ነጻ ሙከራዎች እንዲህ ናቸው። ለእነዚህ ማብቂያው ሁለት ቀን ሲቀረው እንዲጮህ ስልክህ ላይ አላርም ሙላ።