ሲሞቅ የሚጠፋው የአያት ትራክተር፦ ቤንዚኑን ትተው ኮንደንሰሩን ይጠርጥሩ

ጥያቄው የመጣው በሚኒሶታ ገጠር ከሚኖሩ አንዲት አንባቢ ነው። የባለቤታቸው አያት በ1930ዎቹ መጨረሻ (በፈረንጆች አቆጣጠር) ከአሮጌ ፎርድ ሞዴል ኤ መኪና በገዛ እጃቸው የሠሩት ትራክተር እስከ ዛሬ በቤተሰቡ የእርሻ መጋዘን ይገኛል፤ በየበጋውም በከተማው ሰልፍ ላይ ይወጣል። ባለቤታቸውና የ14 ዓመት ልጃቸው በማኒቬላ (ሞተሩን ከፊት በእጅ በሚያዞረው ብረት) ካልሆነ በቀር በሌላ መንገድ ሊያስነሡት አይወዱም። ሞተሩ ጧት ወዲያው ይነሣል፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ደህና ከሠራ በኋላ ግን ጋሪ ሲጎትት ይንተፋተፋል፣ ማርሚታው (የጭሱ ድምፅ ማፈኛ) ይተኩሳል፣ ከዚያም በድንገት ይጠፋል። ግማሽ ሰዓት ሲያርፍ ምንም እንዳልነካው ሆኖ ይነሣል። ሁለት መካኒኮች አይተውታል፤ አንዱ ካርቡራተሩን ለውጦ የኤሌክትሪክ ቤንዚን ፓምፕ ጨመረበት፣ ሌላው ባለ 6 ቮልቱን ባትሪ በባለ 12 ተካው። አንባቢዋ በደብዳቤያቸው መጨረሻ ላይ፣ እግረ መንገዳቸውን፣ ፑንቲናው (የቦቢናውን ኤሌክትሪክ የሚከፍተውና የሚዘጋው ጥንድ ብረት) በየጊዜው እየጠቆረ እንደሚያስቸግራቸው ጠቅሰዋል።

እመቤት፣ እግረ መንገድዎን የጠቀሱት የፑንቲናው መጥቆር ለእኔ ከሌላው ሁሉ የሚበልጥ ምልክት ነው። ጥርጣሬዬ በኮንደንሰሩ፣ ማለትም ከፑንቲናው ጋር በተያያዘው ትንሽ የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ ላይ ነው፤ ግብረ አበሩ ደግሞ ባለ 12 ቮልት የተጫነበት የድሮው ባለ 6 ቮልት ቦቢና (የባትሪውን ቮልት ለብልጭታ የሚያሳድገው ጥምጥም ሽቦ) ነው። ቤንዚን የሚያጥረው ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ኃይሉ ቀስ በቀስ እየከዳው፣ እያቃሰተ ነው የሚሞተው፤ ቤንዚን መስጫውን ሲለቁለት ትንሽ ነፍስ ይዘራል። የእርስዎ ግን ይተኩሳል፣ ይቆራረጣል፣ ከዚያም ቁልፉ የተዘጋበት ያህል ድርግም ይላል። ይህ የብልጭታ ጠባይ ነው። በሞዴል ኤ ላይ ዲስትሪቢዩተሩ (ብልጭታውን ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍለው) የተተከለው በቴስታታው (በሞተሩ የላይኛው ክዳን) ላይ በመሆኑ፣ ጎኑ ላይ የታሰረው ኮንደንሰር የሞተሩን ሙቀት ቀኑን ሙሉ ሲጠጣ ይውላል። ደካማ ኮንደንሰር ሲሞቅ ይከዳል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል፤ የእርስዎም ትራክተር የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት ስለ ማኒቬላው አንድ ነገር ልበል፤ ከዚህ በታችም መድገሜ አይቀርም። በሞዴል ኤ መሪ ሥር ሁለት ዘንጎች አሉ፤ የቀኙ የቤንዚን መስጫ ሲሆን የግራው የብልጭታውን ጊዜ የሚያስቀድምና የሚያዘገይ ነው። የግራው ዘንግ እስከ መጨረሻው ወደ ላይ ካልተገፋ በስተቀር ማንም ሰው ማኒቬላ መንካት የለበትም። ብልጭታው ቀድሞ ከመጣ ሞተሩ ወደ ኋላ ይመታል፤ በዚህ ምት የእጅ አንጓቸው የተሰበረ ሰዎች በድሮ ጊዜ ጥቂት አልነበሩም። ማኒቬላው ከታች ወደ ላይ ይሳባል እንጂ ከላይ ወደ ታች አይገፋም፤ አውራ ጣትም እጀታውን አይጠመጥምም፣ ከአራቱ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን ይሆናል።

አሁን ወደ ምርመራው እንለፍ። ትራክተሩን አሙቀው እስኪጠፋ ድረስ ያሠሩት፤ ሳይቀዘቅዝ መመርመር አለበትና መሣሪያዎን አስቀድመው ያዘጋጁ። የቤንዚኑን ሩቢኔት ይዝጉ፣ ፓምፑን ከመሥመር ያውጡ፣ የሚንጠባጠብ ቤንዚን አለመኖሩንም ያረጋግጡ፤ ብልጭታ ልናወጣ ነውና። ማርሹን ነጻ አድርገው፣ የዲስትሪቢዩተሩን ክዳንና በውስጡ የሚዞረውን ሮተር አንሥተው፣ የመነሻ ቁልፉ እንደ ተዘጋ ሞተሩን ፑንቲናው እስኪገጥም ድረስ በእጅ በዝግታ ያዙሩት። ከዚያ ቁልፉን ይክፈቱ። ከቦቢናው ወደ ዲስትሪቢዩተሩ ክዳን የሚመጣውን ወፍራም ሽቦ እጀታው በደንብ በተሸፈነ ፒንሳ ይዘው፣ ጫፉን ከቴስታታው 6 ሚሊሜትር ያህል አርቀው፣ ፑንቲናውን በእንጨት ስንጥር ከፈት ዘጋ ያድርጉት። ጠንካራና ሰማያዊ ብልጭታ ከዘለለ ጥርጣሬዬ ከንቱ ነው። በሽቦው ጫፍ ላይ ቀጭንና ቢጫ ብልጭታ እየወጣ በፑንቲናው ላይ ግን ትልቅ ነጭ ነበልባል የሚታይ ከሆነ ኮንደንሰሩ ሞቷል። ለማረጋገጥ የአሮጌውን ኮንደንሰር ሽቦ ያላቅቁና ደህና መሆኑን የሚያውቁትን ሌላ ኮንደንሰር በምትኩ ያስገቡ፤ አካሉ ከማሳ (ከሞተሩ ብረት)፣ ሽቦው ከፑንቲናው ጋር ይያያዝ። ብልጭታው ወዲያው ሰማያዊ ከሆነ ነገሩ አለቀ።

ኮንደንሰር ምን እንደሚሠራ ብዙ መካኒኮች ሲጠየቁ «ፑንቲናው እንዳይቃጠል ነው» ብለው ያልፋሉ። ይህ ከእውነቱ ግማሹ ብቻ ስለሆነ፣ ትዕግሥት ካለዎት ሌላውንም ግማሽ ልንገርዎ። ቦቢና ማለት በአንድ የብረት እንብርት ላይ የተጠመጠሙ ሁለት ሽቦዎች ናቸው፤ አንዱ ወፍራምና ጥቂት ዙር ያለው፣ ሁለተኛው እንደ ጸጉር የቀጠነና እጅግ ብዙ ዙር ያለው ነው። ፑንቲናው ሲዘጋ የባትሪው ኤሌክትሪክ በወፍራሙ ሽቦ ውስጥ አልፎ እንብርቱን ማግኔት ያደርገዋል፤ በዚህ ጊዜ ምንም ብልጭታ የለም። ብልጭታ የሚወለደው ፑንቲናው ሲከፈትና ያ ማግኔት ሲፈርስ ነው፤ የሚወለደውም ቮልት መጠኑ የሚወሰነው ማግኔቱ በሚፈርስበት ፍጥነት ነው። ጅራፍ የሚጮኸው ክንዱ በኃይል ሄዶ በድንገት ሲመለስ ነው፤ እጁን ቀስ አድርጎ የሚመልስ እረኛ ድምፅ አያገኝም። ቦቢናም እንዲሁ ነው። ችግሩ ኤሌክትሪክ ተቆረጥ ሲሉት ወዲያው እሺ የሚል ነገር አለመሆኑ ነው። ፑንቲናው ገና የጸጉር ያህል ሲከፈት ኤሌክትሪኩ በክፍተቱ ላይ ነበልባል ሠርቶ መፍሰሱን ይቀጥላል፤ እየፈሰሰ ሳለ ደግሞ ማግኔቱ ቀስ እያለ ይሟሽሻል፣ ብልጭታውም ቢጫና ሰነፍ ይሆናል። ኮንደንሰሩ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ፑንቲናው በሚከፈትባት ቅጽበት ኤሌክትሪኩ በክፍተቱ ከመዝለል ይልቅ ወደ ኮንደንሰሩ ይገባል፤ ኮንደንሰሩ እስኪሞላ ድረስ ፑንቲናው ነበልባል ሊያልፈው ከማይችልበት ስፋት ይደርሳል። ፍሰቱ በአንድ ጊዜ ተቆረጠ፣ ማግኔቱ በአንድ ጊዜ ፈረሰ፣ በቀጭኑ ሽቦ ላይም ከ6 ቮልት ባትሪ ብዙ ሺህ ቮልት ተወለደ ማለት ነው። ስለዚህ የፑንቲናው መጥቆርና የካንዴላው (በሲሊንደሩ ውስጥ ብልጭታ የሚያወጣው) መድከም ሁለት በሽታዎች ሳይሆኑ የአንዱ በሽታ ሁለት ምልክቶች ናቸው፤ በየጊዜው ፑንቲና እየለወጡ ኮንደንሰሩን የሚተዉ ሰዎችም ገንዘባቸውን በከንቱ ያወጣሉ።

ደህና ኮንደንሰር ማግኘት ግን በዚህ ዘመን ራሱን የቻለ ፈተና ነው። በርካሽ የሚሸጡት አዳዲሶቹ ውጫቸው ያብለጨልጫል፣ ውስጣቸው ግን የላላ ነው፤ ከሣጥኑ ሲወጣ ጀምሮ የሞተም አጋጥሞኛል። የሚገዙትን ከመግጠምዎ በፊት በመለኪያ ይፈትሹት፤ ከ0.2 እስከ 0.3 ማይክሮፋራድ ማሳየት አለበት፣ በፀጉር ማድረቂያ ሲሞቅም ንባቡ ሊናወጥ አይገባም። ከቻሉ ዲስትሪቢዩተሩ ላይ ያለውን አሮጌ ለመልክ ትተው፣ ሽቦውን ብቻ ቆርጠው፣ የሚሠራውን ከሞተሩ ሙቀት ትንሽ ራቅ አድርገው ይሰሩት፤ ሽቦው አጭር ይሁን፣ አካሉም የሚታሰርበት ብረት ቀለሙ ተፍቆ ንጹሕ ማሳ ያግኝ።

ባትሪውን የለወጠውን ሰው ሥራ በተመለከተ ቅሬታዬን መደበቅ አልችልም። የባለ 6 ቮልት ቦቢና የወፍራሙ ሽቦ መቋቋም ብዙውን ጊዜ 1.5 ኦም አካባቢ ነው። በ6 ቮልት 4 አምፔር ያልፍበታል፤ 12 ቮልት ሲጭኑበት 8 አምፔር ይሆናል፣ ሙቀቱ ደግሞ በአራት እጥፍ ያድጋል። ያ ሁሉ አምፔር የሚያልፈው በፑንቲናው በኩል ነው፤ ስለዚህ ደካማው ኮንደንሰር ከአቅሙ በላይ ሸክም ተጨመረበት። መፍትሔው ሁለት ነው፦ ወይ ወደ 6 ቮልት መመለስ፣ ወይም መቋቋሙ 3 ኦም የሆነ የ12 ቮልት ቦቢና መግጠም። እኔ ብሆን ወደ 6 ቮልቱ እመለሳለሁ፤ ቅርስ ነውና፣ በማኒቬላ የሚነሣ ሞተርም 12 ቮልት አያስፈልገውም። ሲመልሱ በሞዴል ኤ ከማሳ ጋር የሚያያዘው የባትሪው ፖዘቲቭ መሆኑን አይዘንጉ፤ መካኒኩ ባትሪውን ሲገለብጥ ከውጭ ወደ ቦቢናው የሚገቡትን ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎችም አቀያይሮ ከሆነ እነሱም ወደ ቦታቸው ይመለሱ፣ አለበለዚያ ብልጭታው ያለ ምክንያት ይደክማል።

ፓምፑ ደግሞ ዛሬውኑ ይነሣ። በሞዴል ኤ ላይ የቤንዚኑ ሰርባትዮ (ማጠራቀሚያ) ከመሪው ፊት ከፍ ብሎ የተቀመጠ ነው፤ ቤንዚኑ በራሱ ክብደት ወደ ካርቡራተሩ ይወርዳል፣ የካርቡራተሩም መርፌ የተሠራው ለዚያ ትንሽ ግፊት ነው። ፓምፕ ሲገፋው መርፌው ይሸነፋል፣ ቤንዚኑ ይፈስሳል፣ የሚፈስሰውም ከጋለው የጭስ መውጫ ጎን ነው። ለብልጭታ በሽታ የቤንዚን መድኃኒት መስጠት ሳያንስ፣ እሳትም ጨመሩበት።

እንዲህ ያለውን ትራክተር በመመሪያ መጽሐፍ መጠገን እንደማይቻል ግን ለእነዚያ መካኒኮች በሐቅ ልመስክርላቸው። በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀትና በጦርነቱ ዓመታት የፋብሪካ ትራክተር መግዛት ያልቻሉ የአሜሪካ ገበሬዎች፣ እንደ አሸዋ የበዙትን የፎርድ ሞዴል ቲና ሞዴል ኤ መኪናዎች አሳጥረው፣ የጭነት መኪና የኋላ እግር አስገብተው፣ «ዱድልበግ» የሚባለውን የእርሻ መሣሪያ ሠሩ። ሲርስን የመሳሰሉ ሻጮች ለዚሁ የሚሆን የመለወጫ ዕቃ በካታሎግ ይሸጡ ነበር፤ ብዙው ሰው ግን በጎተራው ያለውን ብረት በየዳው። ስለዚህ አያቱ ምን እንዳደረጉ የሚነግረን ራሱ ብረቱ ብቻ ነው። የብየዳቸውን ጠባሳ በመፍጫ አያለስልሱት፤ የሚያወጡትን አሮጌ ዕቃም ሁሉ ስሙንና ቀኑን ጽፈው በከረጢት ያኑሩት።

ብዙዎቹ ዱድልበጎች ሁለት ካምቢዮ (የማርሽ ሣጥን) ተከታትለው ተገጥመውላቸዋል፤ የእርስዎም እንዲሁ ከሆነ ወደ ማኒቬላው ጉዳይ መመለስ ግድ ይለኛል። የሞዴል ኤ አንደኛ ማርሽ 3.12 ለ1 ነው፤ ሁለቱም ካምቢዮዎች በአንደኛ ሲሆኑ ወደ 10 ለ1 ይጠጋል። ተራ መኪና ማርሽ ውስጥ ሆኖ ማኒቬላው ሲዞር ይከብዳልና ሰው ስህተቱን ወዲያው ያውቃል። ይህ ግን በቀላሉ ይዞራል፣ ሞተሩም ከተነሣ ሳይጠፋ፣ ቀስ ብሎ፣ ከፊቱ የቆመውን ሰው እየደፈጠጠ ይሄዳል። ሁለቱም ካምቢዮ ነጻ ይሁኑ፣ ጎማው ከፊትም ከኋላም ይታገድ፣ አንድ አዋቂ ሰውም እጁ ከመነሻው ቁልፍ ሳይርቅ መሪው ላይ ይቀመጥ።

አዲሱን ኮንደንሰርና ፑንቲና ከገጠሙ በኋላ የፑንቲናውን ክፍተት በሰፊው ሲከፈት 0.5 ሚሊሜትር፣ የካንዴላዎቹን 0.9 ሚሊሜትር ያድርጉ፤ የሲሊንደሮቹ ተራ 1፣ 2፣ 4፣ 3 ነው። ከዚያ የብልጭታውን ጊዜ ይፈትሹ። በሞተሩ ፊት፣ በጊዜ ማርሾቹ ክዳን ላይ ያለችውን ፒን ነቅለው፣ ገልብጠው፣ ወደ ውስጥ ጫን እያሉ ሞተሩን በዝግታ ያዙሩ፤ ፒኗ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ስትሰምጥ አንደኛው ፒስተን ከላይ ደርሷል። በዚህ ቦታ የግራው ዘንግ ወደ ላይ ሳለ ፑንቲናው ሊከፈት ጫፍ ላይ ያለ መሆን አለበት፤ ዘንጉን ወደ ታች ሲያወርዱት ፑንቲናው መከፈት አለበት። ይህን ሳያዩ አይለፉ። በእጅ በተሠራ ትራክተር መሪው አጥሮ ወይም ከሌላ መኪና መጥቶ ሊሆን ስለሚችል፣ የዘንጉ ማያያዣ የተገለበጠበት ወይም ጭራሹን ያልተያያዘበት ጊዜ አለ። ዘንጉን ወደ ላይ ገፍቶ ተማምኖ የቆመ ልጅ በተገለበጠ ማያያዣ ክንዱ ሊሰበር ይችላል። ፍተሻውን ሲጨርሱ ፒኗን ወደ ቦታዋ ይመልሱ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ትራክተሩ ሲሞቅ አሁንም ከጠፋ፣ በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ከላይኛው ሳህን ወደ ታችኛው የምትሄደውን አጭር ሽቦ ይመልከቱ፤ ዘንጉ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ስለምትታጠፍ ሽፋኗ እንዳለ ውስጧ ይበጠሳል። እሷም ደህና ሆና በጋለው ሞተር ላይ ብልጭታው ሰማያዊ ከሆነ፣ ያኔ ብቻ የሰርባትዮውን ክዳን መተንፈሻ ቀዳዳና የውስጡን ዝገት እጠረጥራለሁ። ሞተሩ በጠፋበት ቅጽበት ክዳኑን ከፍተው አየር ወደ ውስጥ ሲገባ ፉጨት ከሰሙ ይጻፉልኝ፤ ቤንዚኑ ከካርቡራተሩ በፊት በአንድ ደቂቃ ምን ያህል እንደሚወርድም በጠርሙስ ለክተው፣ ሞተሩ ቀዝቅዞና ቁልፉ ተዘግቶ ሳለ የለኩትን ቁጥር ይጨምሩበት።