በብር ጌጥ ላይ ቤት ውስጥ በኬሚካል ንድፍ ማውጣት፦ ጥያቄና መልስ

እሺ፣ የቡድናችን አባላት፣ ጠይቁ። መጀመሪያ ግን፦ መስኮት ክፍት፣ ጓንት፣ የዓይን መከላከያ መነጽር። ልጆች ባሉበት ክፍል አይሠራም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ለመዳብ የምጠቀምበት ፌሪክ ክሎራይድ ብሩን አልበላልኝም። ለምን?

መልስ፦ አይበላልህም። ክሎራይዱ ብሩ ላይ ሲልቨር ክሎራይድ ይሠራል፤ በውሃ የማይሟሟ ቅርፊት ነው፣ ብሩን ሸፍኖ ሥራውን ያቆመዋል። ለብር የሚሆነው ፌሪክ ናይትሬት ነው። 400 ሚሊ ሊትር ውሃ ላይ 300 ግራም ክሪስታል ቀስ እያልክ ጨምር። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው ያው ቅርፊት ይመጣብሃል፤ ለመኪና ባትሪ የሚሸጠውን የተጣራ ውሃ ግዛ። የባትሪ አሲዱን ግን እንዳትገዛ።

ከዚያ ጽዳት። ብሩን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገህ በሳሙና እጠበው። ውሃው ላዩ ላይ ነጠብጣብ ሆኖ ከተሰበሰበ ገና ቅባት አለበት፤ ወጥ ሆኖ ከተዘረጋ ንጹሕ ነው። ከዚህ በኋላ ፊቱን በጣትህ አትንካ። ከፍ ብሎ እንዲቀር የምትፈልገውን በጥፍር ቀለም ሸፍን፣ ጠርዙንም ጭምር። ጀርባውን ሰፋ ያለ ፕላስተር ለጥፍበትና የፕላስተሩን ጫፎች ከፕላስቲክ ሳህኑ አፍ ጋር አያይዝ። ንድፉ ወደ ታች ዞሮ ፈሳሹን ይንካ። ወደ ላይ ካዞርከው ዝቃጩ እተበላው ቦታ ላይ ተኝቶ ሥራውን ያዥጎረጉረዋል። በየግማሽ ሰዓቱ አውጥተህ እጠበውና ጥልቀቱን በመርፌ ጫፍ ዳስሰው።

ጥያቄ፦ ናይትሪክ አሲድ ቢሆንስ? ቶሎ ይጨርሳል ይላሉ።

መልስ፦ ቤት ውስጥ አይሆንም። የሚወጣው ቡናማ ጭስ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ነው። ስትተነፍሰው ቀላል ይመስልሃል፤ ሳንባህ ውሃ የሚቋጥረው ከሰዓታት በኋላ፣ ከተኛህ ወዲያ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ስንት ሰዓት ይፈጃል?

መልስ፦ ምን ያህል ጥልቀት? ፈሳሹ አዲስ ነው አሮጌ? ይሄ ሳይነገረኝ ምን ብዬ ልመልስ?

ጥያቄ፦ ናይትሪኩን በውሃ ባቀጥነውስ?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። አይሆንም።

ጥያቄ፦ የአያቴ ጠገራ ብር አለኝ። መስቀል ላወጣበት አስቤ ነበር።

መልስ፦ እባክሽ ተይው። 1780 የሚል ዓመት ያለበት የማሪያ ቴሬዛ ብር 83.3 በመቶው ብር፣ የቀረው መዳብ ነው፤ ኬሚካሉ ይበላዋል። ግን ስንቱ ጠገራ ቀልጦ አምባርና መስቀል ሆኗል! ሰዉ የንግሥቲቱን የትከሻ ጌጥ ዕንቁዎች ቆጥሮ ነበር የሚቀበለው፤ አንቺም አጉልተሽ እያቸው፣ ጥርት ብለው ከታዩ ብዙ ያልተሻሸ ነው። ለንድፍ 925 የሆነ (92.5 በመቶው ብር ማለት ነው) ልሙጥ ዝርግ ብር ግዢ።

አንድ አባል፦ ይቅርታ፣ ይሄ ሙያ ነው? አባቶቻችን በሰም ቀርጸው፣ ብር አፍስሰው፣ በመቅረጫ ጠርበው ነው የሠሩት። መንከር ማንም ይችላል።

ሌላ አባል፦ አንድ ጥልፍልፍ በጥፍር ቀለም ስለህ አሳየንና እንነጋገር።

የመጀመሪያው፦ ገበያው በተመሳሳይ ዕቃ የሞላው በዚህ ነው።

መልስ፦ በቃችሁ። መቅረጫ ስለታም መስመር ያወጣል፣ ኬሚካል ሰፊ ሜዳ ዝቅ ያደርጋል። ሥራቸው ለየቅል ነው። ቀጥሉ።

ጥያቄ፦ ብር የተቀባ ሀብል ላይስ?

መልስ፦ አይሆንም። ቅቡን በልቶ ከሥሩ ያለውን ያወጣዋል።

ጥያቄ፦ ሲያልቅ ፈሳሹን የት ልድፋው?

መልስ፦ አትድፋው፤ ብርና መዳብ አለበት፣ ደግሞም ያገለግላል። ጌጡን ቤኪንግ ሶዳ በሟሟበት ውሃ እጠብ። ፈሳሹን ክዳን ባለው ፕላስቲክ አድርገህ ስሙን ጻፍበት። የለስላሳ ጠርሙስ ውስጥ በፍጹም! ሰው ይጠጣዋል።

ጥያቄ፦ ጓንት ግድ ነው?

መልስ፦ ግድ ነው። ብሩ ሲበላ ፈሳሹ ውስጥ የሚፈጠረው ሲልቨር ናይትሬት ቆዳን ያጠቁራል፣ ታጥቦም አይለቅም። መስኮቱንም ክፈት።