መልስ፦ ሁለቱም ሉተራን ከሆኑ ለምን ተለያዩ?

ሰላም ወንድሜ። መካነ ኢየሱስና የስዊድን ቤተ ክርስቲያን ሁለቱም ሉተራን (የማርቲን ሉተርን ትምህርት የሚከተሉ ፕሮቴስታንቶች) ሆነው በተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ ለምን እንደተቆራረጡ ጠይቀሃል። እኔ ደሴ ያለሁ የመካነ ኢየሱስ አባል ነኝ።

የስዊድኗ በጥቅምት 2002 ዓ.ም. ተመሳሳይ ፆታ ያላቸውን ለማጋባት ወሰነች። የአሜሪካዋ ወንጌላዊት ሉተራን ደግሞ በነሐሴ 2001 በእንዲህ ዓይነት ጥምረት የሚኖሩ ሰዎች በአገልጋይነት እንዲሾሙ ፈቅዳ ነበር። መካነ ኢየሱስ በ2005 ከሁለቱም ጋር ያላትን ኅብረት አቋረጠች። ቀላል አልነበረም። የስዊድን ሚስዮናውያን ምጽዋ የደረሱት እኮ በ1858 ነው።

የልዩነቱ ሥር የመጽሐፍ ቅዱስ አነባበብ ነው። እኛ ዘፍጥረት 2ንና ማቴዎስ 19ን ይዘን ጋብቻ የወንድና የሴት ነው እንላለን። እነሱ ጳውሎስ በሮሜ 1 የተቃወመው የዛሬውን ዓይነት በቃል ኪዳን የጸና ጥምረት አይደለም ይላሉ። ለእኔ አልተዋጠልኝም። ሆኖም ቃሉን ንቀው ነው የሚለውን አልቀበልም፤ እነሱም ከዚያው መጽሐፍ ነው የሚከራከሩት።

ባለፈው እኛ ቤት ቡና ላይ ይኸው ወሬ ተነሣ። ኦርቶዶክሷም ሙስሊሟም ጎረቤታችን ስለ ጋብቻ እንደ እኛው ናቸው። አንዱ ግን «እንዲህ ያለ ሰው መደብደብ ነው» አለ። እናቴ ጀበናዋን ማቶቱ ላይ መለሰችና «በእኔ ቤት እንዲህ አይባልም፣ የሰው ልጅ ነው» አለችው። ቶናው እስኪቀዳ ማንም አልተነፈሰም። እኔ ከእሷ ጋር ነኝ።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፤ ሦስቱም አብያተ ክርስቲያናት ዛሬም የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አባላት ናቸው።